ቀይዋ ነጥብ ከሰው ማሳ ገባች

ቄሰ ገበዙ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ፀሐዩ ስክሪኑን እንዳያጠፋው አንድ የቆሎ ተማሪ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ጥላ ሠርቶላቸዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ስካን ተደርጎ የገባ የቆየ የወረቀት ካርታ ነው፤ ቡናማ የከፍታ መስመሮች፣ ሰማያዊ ጅረት፣ ጥቁር የመስቀል ምልክት። ከመስቀሉ በስተሰሜን ምሥራቅ አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነጥቧ እኛ ነን። የደን ባለሙያዋ በእጇ የያዘችው ስልክ ከሳተላይት የሰማውን በብሉቱዝ ለላፕቶፑ ያቀብላል፤ ላፕቶፑ ደግሞ የቆምንበትን በካርታው ላይ ያሳየናል።

«ልጄ፣ ይኼ ጅረቱ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ይኼ መስቀሉስ እመቤታችን ናት?»

«አዎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነው።»

«እንግዲያው እኛ የቆምነው ከዝግባው ሥር፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ነው። ይቺ ቀይዋ ግን ከጫካው ወጥታ የሰው ገብስ ውስጥ ገብታለች።»

ባለሙያዋ ቀና ብላ ዝግባውን አየች፤ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ስልኩ «ስህተቴ ከ5 ሜትር አይበልጥም» እያለ ነው። ነጥቧ ግን ከዝግባው ከ200 ሜትር በላይ ርቃለች። ገብሱ የማን እንደሆነ ደግሞ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለሙያዋ የመጣችው የደኑን ዳር በእግሯ ዞራ ካርታ ላይ ለማስፈር፣ እኔ ደግሞ ሥራውን ለማየት ነበር። ስለ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሳተላይቱ ነው። እኔ በዚያ ሁለት ቀን ያየሁትና ልነግር የምፈልገው ግን ከሳተላይቱ ይልቅ ስለ ጋቢው ጥላ ነው፤ ካርታው ቢሮ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ቦታውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ሲከፈት ምን እንደሚለወጥ።

ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት ምስል ያየ ሰው የማይረሳው ነገር አለ። ዙሪያው በሙሉ የታረሰ ቡናማ መሬት ነው፤ በመካከሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ጠብታዎች። እያንዳንዷ ጠብታ ቤተ ክርስቲያን ናት። በዞኑ ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በዙሪያቸው የቀረው የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ አካባቢው በአንድ ወቅት ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር የመጨረሻ ምስክር ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው በእነዚሁ ደኖች ላይ ነው። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረዋል። ካቡ ከብት እንዳይገባ፣ ማረሻም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንዳይገፋ ይከላከላል። ካብ ለመሥራት ዳሩ የት እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል። ደኑ በዓመት ስንት እንደጠበበ ለማወቅም ዳሩን መለካት ያስፈልጋል። ትናንሽ ደኖች የሚያልቁት ከዳር ነውና።

ለዚህ ሥራ ባለሙያዋ የያዘችው ዕቃ አስገረመኝ፤ የራሷ ስልክ፣ ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ ደብተር። ለቅየሳ የተሠራ መሣሪያ ዋጋው እሷ የምትሠራበት ጽሕፈት ቤት የሚችለው አይደለም። ላፕቶፕ በተለምዶ የጂፒኤስ መቀበያ የለውም፤ ሰፊ ስክሪን፣ የተሟላ የካርታ ሶፍትዌርና ብዙ ካርታ የሚይዝ ማከማቻ ግን አለው። ስልክ መቀበያው አለው፤ ስክሪኑ ግን የመዳፍ ያህል ነው። ሁለቱን ማገናኘት አንዱ ያጣውን ከሌላው መበደር ነው። ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጋሪ ሸርማን የተባለ ባለሙያ የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚያሳድጉት፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል። እዚያ ኔትወርክ ስላልነበረ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኔትወርኩ አለመኖር ጠዋት መጀመሪያ የታየው ስልኩ ላይ ነበር። ከተማ ውስጥ ስልካችን ያለንበትን በሴኮንዶች ያውቃል፤ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ በዚያች ሰዓት የት የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ በኢንተርኔት ቀድሞ ያገኛል። ገጠር ሲገባ ግን ያንን መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መስማት አለበት። እነሱ ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ። አንድ የጂፒኤስ ሳተላይት የራሱን ቦታ ዝርዝር ደጋግሞ የሚልከው በየ30 ሴኮንዱ ነው፤ የሁሉም ሳተላይቶች አጠቃላይ ማውጫ ተነግሮ የሚያልቀው ደግሞ በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። በመሃል ቅርንጫፍ ወይም የሰው ትከሻ ከከለለው የተቋረጠውን እንደገና መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና ስልኩን እያወዛወዘ ይንጎራደዳል። ባለሙያዋ ግን ስልኩን ከጥላ ውጭ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም አብረዋት ተቀመጡ። መጠበቅ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሰማይ የሚመጣውን ላስረዳ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ በውስጡ እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት ይዟል፤ የሚልከውም በመሠረቱ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ሰዓቴ ይህ ነው» የሚል ነው። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ ስልኩ ጋር ለመድረስ የሴኮንድ መቶኛ ክፍሎች ይፈጅበታል። ስልኩ የዘገየበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያሳስታል። የስልኩ ሰዓት ደግሞ እንደዚያ ትክክለኛ ስላልሆነ፣ ከሦስቱ የቦታ ልኬቶች ጋር የራሱንም ሰዓት ስህተት አብሮ መፍታት አለበት። ለዚህ ነው ቢያንስ አራት ሳተላይት የሚያስፈልገው። ዛሬ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊልዮና የቻይናውን ቤይዱ ይሰማሉ፤ ስለዚህ ቅርንጫፍ ግማሹን ሰማይ ቢከልልም የቀረው ይበቃል። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ያኔ በዚህ መንገድ የደን ዳር መለካት የማይታሰብ ነበር።

ስልኩ ቦታውን ካወቀ በኋላ ለላፕቶፑ የሚነግርበት ቋንቋ አለው፤ እኔን ከሁሉ የማረከኝም እሱ ነው። ቋንቋው የመጣው ከመርከበኞች ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመርከብ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ያወጣው መስፈርት ሲሆን በምኅጻረ ቃሉ ኤንኤምኢኤ ይባላል። የመልእክቱ አሃድ ስም «ዓረፍተ ነገር» ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ በኮማ እየተከፈለ ይሄዳል፣ በኮከብና በመቆጣጠሪያ ቁጥር ያበቃል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ተቀባዩ ዓረፍተ ነገሩን ይጥለዋል። ባለሙያዋ የብሉቱዙን መስኮት ከፍታ አሳየችኝ፤ በየሴኮንዱ አዳዲስ መስመር ይፈስሳል። ሰዓቱ፣ ኬክሮሱ፣ ኬንትሮሱ፣ የተሰሙት ሳተላይቶች ብዛት፣ ከፍታው። ሰዓቱ 06:15 ይላል፤ የዓለም ሰዓት ነው። የቄሰ ገበዙ የእጅ ሰዓት 3:15 ነበር፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ኬክሮሱ ላይ ወጥመድ አለ። 1151.0200 ብሎ ይጽፋል። ይህ 11 ዲግሪና 51.02 ደቂቃ ማለት ነው፤ በአስርዮሽ ሲለወጥ 11.8503 ዲግሪ። ሳያስተውል 11.5102 ብሎ የገለበጠ ሰው ቤተ ክርስቲያኗን ወደ ደቡብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ወስዶ ወደ እስቴ ያሻግራታል። የካርታ ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ስለሚያነብ በዚህ አይሳሳትም፤ ከስልክ ስክሪን ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር በእጅ ሲገለበጥ ግን ስህተቱ የየዕለት ነው።

የማገናኘቱ ሥራ ራሱ ረጅም አይደለም። ስልኩ ላይ ዓረፍተ ነገሮቹን በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ ትንሽ አፕ ይጫናል፤ ላፕቶፑ ከስልኩ ጋር ሲተዋወቅ «ኮም» የተባለ የመግቢያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኪውጂአይኤስ ውስጥ የጂፒኤስ መስኮቱ ተከፍቶ ያ ቁጥር ይመረጣል። ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው ሌላ ፕሮግራም ያንኑ መግቢያ ቀድሞ ስለያዘው ነው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይገባም። አይፎን በብሉቱዝ በዚህ መንገድ አያቀብልም፤ ለእሱ በዋይፋይ የሚልኩ አፖች አሉ። ይኸው ነው።

ወደ ገብሱ ማሳ ልመለስ።

ባለሙያዋ አልደነገጠችም፤ አልተከራከረችምም። ቄሰ ገበዙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «አባ፣ እስቲ ወደ ጅረቱ መሻገሪያ እንውረድ፤ እዚያም ነጥቧ የት እንደምትገባ እንይ።» ወረድን። መሻገሪያው ላይ ስንቆም ነጥቧ ከጅረቱ ወጥታ ዳገቱ ላይ ታየች፤ እንደገና በሰሜን ምሥራቅ፣ እንደገና ያንኑ ያህል ርቃ። «አገኘሁት» አለች።

ስህተትም መልክ አለው። ነጥብ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ከራቀ ዲግሪና ደቂቃ ተምታቷል ማለት ነው። ነጥቦች ያለ ሥርዓት ወዲህና ወዲያ ከተበተኑ ምልክቱ በዛፍ ወይም በገደል እየተንጸባረቀ ነው። ሁሉም ነጥቦች በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ከተንሸራተቱ ግን ስልኩ አልተሳሳተም፤ ካርታውና ስልኩ የሚቆጥሩት ከተለያየ መነሻ ነው።

ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም፤ ከወገቧ ትንሽ ወጣ፣ ከዋልታዎቿ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት። ቀያሾች ለስሌት እንዲመቻቸው በቅርጿ ፋንታ አንድ ለስላሳ የስሌት ቅርጽ ይወስዳሉ፤ የት ቦታ ላይ ከምድር ጋር እንደሚገጥምም ይወስናሉ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ፣ በዓባይ ዳር የነበረ የቅየሳ ነጥብ ስም ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከአሜሪካ ጋር በመተባበር የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና፣ ከሱዳን በኩል እየተቀጣጠለ በመጣው የቅየሳ ሰንሰለት ነው። የስሌት ቅርጹ እንግሊዛዊው ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1880 ያወጣው ነው። ጂፒኤስ በበኩሉ የሚቆጥረው ደብልዩጂኤስ 84 ከሚባል፣ በምድር የክብደት ማእከል ላይ ከተተከለ ሌላ ቅርጽ ነው። ሁለቱም የሜትር ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሮቹም ስለሚመሳሰሉ አንዱን በሌላው ቦታ መውሰድ ቀላል ነው። በደቡብ ጎንደር ልዩነታቸው ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ነው። በወረቀቱ ካርታ ላይ ይህ አምስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። መሬት ላይ ግን ከደጀ ሰላም እስከ ሰው ማሳ ድረስ ነው።

ካርታውን ስካን ያደረገው ሰው በጠርዙ የታተሙትን ቁጥሮች በትክክል አስገብቶ፣ የመነሻውን ስም ግን በስህተት «ደብልዩጂኤስ 84» ብሎት ነበር። ማረሚያው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ 32637 የሚለውን መለያ በ20137፣ ማለትም በአዲንዳን መለወጥ ብቻ። ለወጠችው። ነጥቧ ከዳገቱ ወርዳ መሻገሪያው ላይ ዐረፈች። ወደ ዝግባው ስንመለስም ተከትላን መጥታ ከመስቀሉ ምልክት አጠገብ ቆመች። «አሁን ገባች» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ አማተቡም።

እዚህ ላይ የራሴን ትዝታ ሳልናገር አላልፍም። ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የውሃ ጉድጓዶች ካርታ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጉድጓዶቹ በሙሉ ከየመንደራቸው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ አንዳንዶቹ ከወንዝ ማዶ ነበሩ። መረጃው በእጅ መሣሪያ ተሰብስቦ፣ ወደ ከተማ ተወስዶ፣ እዚያ ካርታ ላይ ተተክሎ፣ በፍሬም ተሰቅሎ ነበር። በዚያ መንገድ ሁሉ ውስጥ «ይኼ የኛ ጉድጓድ አይደለም» የሚል ሰው የቆመበት አንድም ጣቢያ አልነበረም። ያን ካርታ ይዞ ለጥገና የወጣ ቡድን ጉድጓዱን ሲፈልግ ቀኑ የመሸበት ይሆናል ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በደቡብ ጎንደር ያየሁት የዚያ ተቃራኒ ነው። ስህተቱ የታየው ዝግባው ሥር ነው፤ ያየውም ዝግባውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ዙሪያውን መሄድ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ብሉቱዝ ከአሥር ሜትር ገደማ በላይ ብዙም አይሰማምና ላፕቶፑ ከስልኩ ርቆ መቅረት አይችልም። ጋቢውን የዘረጋው ተማሪ ላፕቶፑን ከነክፈቱ በሁለት ክንዱ ታቅፎ ከባለሙያዋ ኋላ ተከተለ። ቄሰ ገበዙና ሁለት ሽማግሌዎች ቀደሙ። ማእዘን ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ባለሙያዋ ስልኩን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ነጥቧ እስክትረጋ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ላፕቶፑ ላይ ቁልፍ ትጫናለች፤ መስመሩ አንድ ርምጃ ይረዝማል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያታቸው መሬት በቃላድ ሲለካ ገመድ ይዘው እንደነበር አጫወቱን። ገመዱ የቱ ላይ እንደተሳበ፣ የቱ ላይ እንደላላ የሚያየው በቦታው የቆመ ሰው እንደነበር አስረዱ። ስልኩንም በዚያው ዐይን ነው የሚመለከቱት፤ ከትልቅ ጥድ ሥር ስንደርስ ነጥቧ ስትቅበዘበዝ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

ስህተቱን በቁጥር ማሰብ ይጠቅማል። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ሥር በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ይስታል፤ ከዛፍ ሥር ከዚያ ይብሳል። አምስት ሄክታር የሆነ ክብ ደን ዙሪያው 800 ሜትር ያህል ነው። ስህተቱ በየማእዘኑ ወዲያና ወዲህ ከሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል፤ ስፋቱ ብዙም አይለወጥም። ነገር ግን ዛፎቹን ለመሸሽ ተብሎ ዳሩን በሙሉ ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሄደ ሰው ሩብ ሄክታር ያህል ይጨምራል፤ ከመቶ አምስት እጅ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ካቡን ተጠግቶ ቢሄድ ደኑ ያላለቀውን አለቀ ያሰኛል። ስለዚህ ባለሙያዋ በደብተሯ የምትጽፈው ቁጥር ሳይሆን ቃል ነበር፤ «ከካቡ በስተውጭ፣ ግማሽ ርምጃ»። በአጥር ምክንያት በተዘዋወረችበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ጻፈች። የመሣሪያውን ጉድለት በጥንቃቄ የሚሞላ ሰው ሲሠራ ማየት ያረካል።

ከመስመሩ ቀጥሎ ስሞቹ መጡ፤ ሰዓቱን የበላውም ይኼ ነው። ሽማግሌዎቹ በየሃምሳ ርምጃው ስም አላቸው፤ ቀይ አፈር፣ የመነኩሴ ውሃ፣ ጅብ ዋሻ። አሮጌው ካርታ ከእነዚህ አንዱንም አይዝም። ባለሙያዋ በፊደላችን መጻፍ ፈለገች፤ በላቲን ሲጻፍ «ተ» እና «ጠ» ይምታታሉና። ችግሩ የፋይሉ ዓይነት ነው። በሙያው ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ሼፕፋይል የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለእንግሊዝኛ በሚመች ልክ ነው። የአንድ ዐምድ ርእስ ከ10 ባይት በላይ አይችልም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ የእኛ ፊደል በተለመደው ኮድ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «የቦታ ስም» ብለው ሲያስቀምጡ የሚተርፈው «የቦታ» ብቻ ነው፤ ሦስት ፊደል። በዐምዱ ውስጥም ከ84 ፊደል በላይ አይገባም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ በላቲን ይጽፋል፤ ይህ ቢያሳዝነኝም አልፈርድበትም። ግን መፍትሔ አለ፤ ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲሱ የፋይል ዓይነት ይህ ገደብ የለበትም፣ ኪውጂአይኤስም አዲስ ፋይል ሲፈጠር ራሱ የሚያቀርበው እሱን ነው። «የመነኩሴ ውሃ» ሙሉ ስሙን ይዞ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ተማሪው ጮክ ብሎ አነበበው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተጠጉ ሌሎቹንም አስነበቡት። አንዱ ስም ላይ አልተስማሙም፤ ተከራክረው በሁለቱም አጠራር እንዲጻፍ አደረጉ።

ዛሬ ላፕቶፑን ትቶ ይህን ሁሉ በስልክ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አውቃለሁ። ኪውፊልድ የተባለው አፕ የኪውጂአይኤስን ሥራ ስልክ ላይ ይከፍተዋል፤ ብዙዎች በእሱ ይሠራሉ፤ ለብቻው ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው እኔም እሱን እመክራለሁ። ስልኩ ጉዞውን መዝግቦ ማታ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥም ይቻላል፤ ባትሪ ይቆጥባል። ነገር ግን የመዳፍ ያህል ስክሪን የሚያየው የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስድስት ሰው አንድ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በጣት እየጠቆመ «እዚህ ጋ ጠማማ ነው፤ እናንተ ቀጥ አደረጋችሁት» የሚለው ለላፕቶፕ ነው። ማታ የሚገለበጥ መረጃ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነው የሚታየው።

የዚያን ዕለት አልጨረስንም። ካህናቱ ለቅዳሴ ገቡ፤ በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ማታ በአንድ ቤት ደጃፍ፣ ክፍት ሰማይ ሥር ስንቀመጥ ባለሙያዋ ስልኩንና ላፕቶፑን እንደገና አገናኘችና «እስቲ ተመልከት» አለችኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ስልኩ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። ቀን ላይ ረግታ የነበረችው ነጥብ ግን ትዋልላለች፤ የተሰሙት ሳተላይቶች ቁጥር ይወርዳል፣ ይወጣል።

ምክንያቱ ከእግራችን ሥር ካለችው ምድርና ከራሳችን በላይ ካለው አየር የመጣ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1957–58 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላው የአየር ንብርብር፣ አዮኖስፌር፣ በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይናወጣል፤ አረፋ አረፋ የሚመስሉ ባዶ ቦታዎች ወደ ላይ ይወጡበታል። የሳተላይቱ ምልክት በእነዚያ ሲያልፍ፣ ኮከብ ብልጭ ድርግም እንደሚል፣ ይርገበገባል። በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ይበረታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ያጠናሉ። ዳር የሚለካ ሰው እዚህ አገር ሥራውን ከመምሸቱ በፊት ማጠናቀቅ ያለበት ለዚህ ነው። ባለሙያዋ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በሌላ ዓመት አመሻሽ ላይ የለካችው መስመር ጠዋት ስታየው ተወላግዶ ስላገኘችው እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ድጋሚ ለመለካት ሦስት ቀን በእግሯ ተመልሳለች።

በማግስቱ ማለዳ የቀረውን ዞርን። መስመሩ ከጀመርንበት ዝግባ ሥር ሲገጥም ላፕቶፑ ውስጥ የቀረው ባትሪ ከመቶ ዘጠኝ ነበር። ባለሙያዋ ልትዘጋው ስትል ቄሰ ገበዙ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ቀርቷል፣ ልጄ።»

ከካቡ ወጥተው፣ የታጨደውን ገብስ አቋርጠው፣ ያቺ ቀይ ነጥብ ትናንት በስህተት ወደገባችበት አቅጣጫ መሩን። በማሳው መካከል ግማሹ የተቀበረ ጥቁር ድንጋይ አለ። በአያታቸው ዘመን የደኑ ዳር እሱ እንደነበር ተናገሩ። የማሳው ባለቤት ከማዶ አይቶን መጣ፤ ተጨንቄ ጠበቅሁ።

«ምንድን ነው፣ አባ?»

«ድንጋዩን እያስጻፍን ነው፣ ወንድሜ። ማሳህን አይደለም።»

ሰውየው ላፕቶፑን ከተማሪው ክንድ ላይ አየው፤ የራሱን ማሳ፣ ጅረቱን፣ ካቡን ለየ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ድንጋዩን በእግሩ ነካ አደረገው። «አባቴም እዚህ ድንጋይ ላይ በሬ አዙሮ አያውቅም ነበር» አለ።

ባለሙያዋ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ራቅ አለች። ሁላችንም ራቅ አልን። ነጥቧ ትንሽ ዋለለችና ቆመች። ከዳሩ መስመር ጋር አላገናኘቻትም፤ ለብቻዋ አስቀመጠቻትና ስሙን ጠየቀች። ቄሰ ገበዙ ወደ ባለማሳው ዞሩ፤ ስሙን የነገራት እሱ ነው።